የድሮ ዘመን ስታይል ሰርግ ጎጃም ላይ፦ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ምን ይልበሱ? ከቤተሰብ አልበም እስከ ልብስ ሰፊው

ሰላም ጎበዝ። በድሮ ዘመን ስታይል ሰርግ ለሚያስቡ የጎጃም ልጆች ነው ይሄን የምጽፈው፣ በተለይ ለወንዶቹ፣ ምክንያቱም እንደማየው ዲኮሩ ይታሰብበታል የድሮ መኪና ይፈለጋል የሙሽሪት ልብስ ስንት ጊዜ ይለካል፣ ሙሽራው ጋ ሲደረስ ግን ስልክ ላይ የተገኘ የፈረንጅ ሰደሪያና ጠፍጣፋ ኮፍያ ይታዘዝና በቃ። የእንግሊዝ ፋብሪካ ሠራተኛ ልብስ ነው እኮ፣ አያትህ አንድም ቀን ለብሶት አያውቅም። አያትህ የለበሰው ልብስ ግን አለ፣ ፎቶውም ሳጥን ውስጥ ወይ ሳሎን ግድግዳ ላይ አለ፣ መነሳት ያለብህ ከዛ ነው ባይ ነኝ።

1. መጀመሪያ አንድ ዓመት ምረጥ

"የድሮ" ተብሎ ብቻ ከተጀመረ በርኖሱም ቤልቦተሙም (ከጉልበት በታች የሚሰፋው ሱሪ) ፓፒዮኑም አንድ ፎቶ ላይ ይገናኛሉ፣ ያኔ ሰርጉ ቲያትር ይመስላል። ስለዚ ከእጮኛህ ጋር ቁጭ በሉና አንድ ዓመት ወስኑ፣ ለምሳሌ አባትህና እናትህ የተጋቡበት፣ ወይ አያትህ መጀመሪያ ከተማ የገቡበት። ከዛ ወደ ቤተሰብ ሂዱና አልበም ጠይቁ። አልበም የሌለበት ቤት እንኳን አንድ ሁለት የስቱዲዮ ፎቶ አይጠፋም። ፎቶውን በስልክ አንሱት፣ አሳድጉትና እነዚህን ነገሮች ተመልከቱ፦ የኮቱ ደረት ላይ ታጥፎ የሚወርደው ኮሌታ ሰፊ ነው ጠባብ? ቁልፉ ስንት ነው፣ አንድ ረድፍ ነው ሁለት? ሱሪው ወገብ ላይ ነው ወይስ እምብርት ጋ ደርሷል? እግሩ ሰፊ ነው ቀጥ ያለ? ከረቫቱ ስንት ጣት ይሰፋል?

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ከሆነ ቀለሙን አትገምት። ጥቁር የሚመስለው ኮት ቡኒ ወይ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል፣ ለዚህ መድኃኒቱ ማዘር ወይ አክስት ናቸው፣ ጠይቃቸው፣ ልብሱን ማን እንደሰፋው ሁሉ ይነግሩሃል።

አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ደሞ አለ፣ የዘመን አቆጣጠሩ። ጋሼ "በሃምሳዎቹ የለበስኩት" ሲልህ በኛ ሃምሳዎቹ ነው፣ በፈረንጅ ከ1957 ጀምሮ ያሉት ዓመታት ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ የወንድ ልብስ በፈረንጅ 1950ዎቹ ብለህ ስትፈልግ ግን የሚመጣልህ የኛ አርባዎቹ ልብስ ነው። የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ለሌላ ነገር ምንም ላይሆን ይችላል፣ ልብስ ላይ ግን ሰፊ ሱሪን ከጠባብ ሱሪ የሚለየው እሱ ነው። ፎቶው ጀርባ ላይ 1962 ዓ.ም ከተጻፈ በፈረንጅ 1969 ወይ 1970 ብለህ ፈልግ።

2. ዘመኑን ከልብሱ ጋር አገናኝ

ለጎጃም ሰርግ የሚያምሩና ማስረጃ ያላቸው አራት ዘመኖች አሉ ብዬ ነው የማስበው።

የንጉሡ ዘመን። የጎጃሙ ገዢ ራስ አዳል በጥር 1873 ንጉሥ ተክለሃይማኖት ተብለው የነገሡበት፣ በኋላም በ1888 አድዋ የዘመቱበት ጊዜ። ይሄ ካባ፣ ጃኖ፣ ነጭ እጀ ጠባብና ሱሪ ነው። ለሰርጉ ቀን ሳይሆን ለመልሱ ቢሆን ይሻላል እላለሁ፣ መልስ ላይ ድሮም የባህል ልብስ ስለሚለበስ እንግዳ አይሆንም። ካባ ስትከራይ በወርቃማ ክር ከላይ እስከ ታች የተሞላውን ተወው፣ ጥቁር ወይ ጥቁር ሰማያዊ ከፋይ ሆኖ ጥልፉ ዳርና ዳር ብቻ ያለውን ውሰድ። ጃኖው ደሞ የመኳንንትና የሹማምንት ልብስ የነበረ ነው፣ ቀዩ ጥለት ሰፋ ብሎ ደመቅ ማለት አለበት፣ ከሽማኔ ካዘዝከው እንደዛ ብለህ ንገረው።

የ1916ቱ ዘመን። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፣ የሚጠቀምበት ሰው ግን ብዙም አላይም። በ1916 ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለሃይማኖትም አብረው ነበሩ። የዛን ጉዞ ፎቶዎች ፈልገህ እያቸው፦ ነጭ ልብስ፣ ከላይ ጥቁር ካባ፣ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ። ሐበሻም ነው ዘመናዊም ነው፣ ሁለቱ ተጣልተው አይታዩም። እኔ ብሆን የምሰፋው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበብ ጭን ላይ ላላ ያለ ነጭ ተፈሪ ሱሪ፣ ኮሌታው ቀጥ ብሎ የቆመ ነጭ እጀ ጠባብ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጌጥ የሌለው ጥቁር የሱፍ ካባ፣ ባርኔጣው ግራጫ ወይ ቡኒ። አለቀ። አዊ አካባቢ በፈረስ የምትታጀብ ሙሽራ ከሆንክ ደሞ ከዚህ የተሻለ ልብስ የለም፣ ተፈሪ ሱሪው ለኮርቻ ይመቻል፣ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚታየውን የፈረስ ትርዒት ያየ ሰው ፈረሱ ላይ ምን እንደሚያምር ያውቃል። ጉልበት ድረስ የሚታሰር የቆዳ ገምባሌ ካገኘህ ጨምርበት።

የአርበኞች ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933። የበላይ ዘለቀ አገር ስለሆነ ብዙ ልጆች ይሄን ይመርጣሉ፣ ይገባኛል፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካኪ ኮት፣ ኩታ፣ ጎፈሬ ጸጉር ይበቃል። ዝናርና ጠመንጃ ለፎቶም ቢሆን ይቅር። ካኪውም ከዛሬ ወታደር ልብስ ጋር እንዳይመሳሰል ወደ ቡኒ ያደላ ይሁን፣ መንገድ ላይ አላስፈላጊ ጥያቄ እንዳይመጣ። የአያትህ የአርበኝነት ኒሻን ቤት ካለ ደረትህ ላይ አታድርገው፣ የተሰጠው ለሱ ነው፣ በመስታወት ፍሬም አርገህ ከፎቶው ጋር የእንግዶች መግቢያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥለት።

የከተማው ዘመን። እዚህ ውስጥ ሦስት የተለያየ ልብስ አለ፣ አታደባልቃቸው። በሰላሳዎቹና በአርባዎቹ ሰፊ ኮሌታ፣ ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ኮት፣ እምብርት ጋ የሚታሰር ሰፊ ሱሪ፣ ቦርሳሊኖ ባርኔጣ። በሃምሳዎቹ ሁሉም ነገር ይጠባል፦ ኮሌታው፣ ሱሪው፣ ከረቫቱ። በስድሳዎቹ ተመልሶ ይሰፋል፣ ትልቅ የሸሚዝ ኮሌታ፣ ቤልቦተም፣ አፍሮ። ባሕር ዳር ለሚያገባ ሰው ሃምሳዎቹና ስድሳዎቹ ልዩ ትርጉም አላቸው፣ ከተማዋ የተነሳችበት ጊዜ ነው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953፣ ፖሊቴክኒኩ በ1955 ነው የተከፈተው፣ እዛ የሠሩና የተማሩ ሰዎች ፎቶ በየቤቱ አለ።

ቁምጣና ጋቢስ ለሚል ሰው፣ ያ ልብስ የድሮ አይደለም፣ ገበሬው ዛሬም ይለብሰዋል። መልስ ላይ ለእስክስታ ሚዜዎች ይልበሱት፣ ደስ ይላል፣ ግን ከባህል ልብስ ቤት የሚያብለጨልጨውን ከመግዛት ገጠር ያለ ዘመድ አስጠይቀህ እዛው የሚሰፋ ሰው ይስፋው። ጥልፉም ርዝመቱም ትክክል የሚሆነው ያኔ ነው።

3. አየሩን አትርሳ

ጎጃም አንድ አየር የለውም። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ የጥር ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱም አለ፣ እዛ ወፍራም ሱፍና በርኖስ ያምራል ያሞቃልም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር በወፍራም ኮትና በሰደሪያ ፎቶ ስትነሳ ላብህ በሸሚዝህ ይወጣል። ሚያዝያ ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ደሞ ይብሳል። ስለዚ ባሕር ዳር ከሆንክ ቀጭን ሱፍ፣ ገበሩ ግማሽ ብቻ የሆነ ኮት፣ ሸሚዙ ጥጥ። ሰደሪያ ወይ ኮት አንዱን ብቻ ብትለብስም ነውር የለውም፣ ስድሳዎቹን የመረጠ ሰው ያለ ሰደሪያ ነው የሚያምረው።

ጨርቅ ስትገዛ ሻጩ ሁሉንም "ንጹህ ሱፍ ነው" ይልሃል። ከጫፉ አንድ ሁለት ክር ስጠኝ በለውና ውጪ ላይ በክብሪት ለኩሰው። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱን በጣትህ ስታሸው ይደቃል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የተቀላቀለ ከሆነ ሁለቱንም ያሳያል። ቅልቅል መጥፎ አይደለም፣ አይጨማደድም፣ ግን በሱፍ ዋጋ አትግዛው። መጠኑ ደሞ ስፋቱ 150 ሴንቲ ለሆነ ጨርቅ ኮትና ሱሪ ከ3 እስከ 3.5 ሜትር፣ ሰደሪያ ካለበት ወደ 4 ሜትር፣ ረጅም ከሆንክ ወይ ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ወይ ቤልቦተም ከሆነ ትንሽ ጨመር አርግ። ሚዜዎቹም ከዛው ጨርቅ የሚለብሱ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን ከአንድ ጥቅል አስቆርጥ፣ በኋላ ተመልሰህ ስትሄድ ቀለሙ ትንሽ ይለያል፣ ፎቶ ላይ ይታያል።

ደቃቅ መስመር ወይ ደቃቅ ዳማ ያለው ጨርቅ ካሜራ ላይ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል፣ ቪዲዮ ስለሚቀረጽ ወይ ሰፋ ያለ መስመር ወይ ምንም የሌለው ይሁን።

4. ሰልባጅ፣ ኪራይ ወይስ ማሰፋት?

ከሰልባጅ ተራ ጀምር እላለሁ፣ እውነት። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የተሰፋ ኮት ከዛ ውስጥ ይወጣል፣ ጨርቁም ዛሬ ከምትገዛው ይበልጣል። ግን ስታይ በቅደም ተከተል እይ። መጀመሪያ ትከሻው። ትከሻው ካልሆነልህ አስቀምጠህ ሂድ፣ ልብስ ሰፊ ትከሻ ላስተካክል ካለህ ኮቱን ፈቶ እንደ አዲስ መስፋቱ ነው። እጅጌ፣ ወገብ፣ የሱሪ ርዝመት ይስተካከላል። ሁለተኛ ወደ ብርሃን አንስተህ ብል የበላው ቀዳዳ ካለ ተመልከት፣ በተለይ ኮሌታ ስርና ብብት። ሦስተኛ የሱሪውን የውስጥ ስፌት ገልጠህ ትርፍ ጨርቅ መኖሩን እይ፣ ከሌለ አይሰፋም። አራተኛ ሽታ፣ የሻገተ ከሆነ ላውንደሪም ላያወጣው ይችላል።

ካባና ጃኖ መከራየት ምንም አይደለም። ኮት ግን ኪራይ አልወድም፣ ለሁሉም ሰው እንዲሆን ላላ ተደርጎ ነው የሚሰፋው፣ የድሮ ኮት ደግሞ ውበቱ ልክ መሆኑ ነው።

ለማሰፋት ከወሰንክ ጊዜውን አስብ። የጥር ሰርግ ከሆነ ጥቅምት ላይ ጨርቅህን ይዘህ ሂድ። ታኅሣሥ ላይ የገና የጥምቀት የሰርጉ ሁሉ ልብስ ሰፊው ላይ ይቆለላል፣ ያኔ "ነገ ና" ብቻ ነው የምትሰማው።

5. ልብስ ሰፊው ጋ ምን ትላለህ

ስልክ ከማሳየት ፎቶውን አሳትመህ ስጠው፣ ከፊትም ከጎንም የሚያሳይ ካለ ሁለቱንም፣ ማሽኑ ፊት ለፊት ይለጥፈዋል። ከዛ በቁጥር አውራ። "ሰፋ ያለ ኮሌታ" ብትለው የሱና ያንተ ሰፊ አንድ አይደለም፣ "ደረት ላይ 10 ሴንቲ ይሁን" በለው። ለሃምሳዎቹ 6 ሴንቲ፣ ለአርባዎቹና ለስድሳዎቹ ከ9 እስከ 11። ከረቫትህም ከኮሌታው ስፋት ጋር ይቀራረብ፣ ሰፊ ኮሌታ ላይ ቀጭን ከረቫት ሁለት የተለያየ ሰው ልብስ ነው የሚመስለው።

ሱሪው ላይ ጠንከር በል። ልብስ ሰፊዎቻችን ዛሬ ወገብ ዝቅ አርገው መስፋት ለምደዋል፣ ወጣቱ እንደዛ ስለሚፈልግ። የሰላሳዎቹና የአርባዎቹ ሱሪ እምብርት ጋ ነው የሚታሰረው፣ ፊት ለፊት ሽንሽን አለው፣ ስለዚ ስትለካ ሱሪህን እዛ ድረስ ስበህ "ከዚህ ነው የምትለካው" በለው። ይሄ ካልሆነ ሰደሪያው ከሱሪው ጋር አይገናኝም፣ መሀል ላይ ሸሚዝ ብቅ ይላል፣ ከድሮ ልብስ ስህተቶች ሁሉ በጣም የሚያስጠላኝ እሱ ነው። ከሰደሪያ ጋር ቀበቶም አታድርግ፣ ሆድህ ጋ ያብጣል፣ ትከሻ ላይ የሚያልፈውን የሱሪ ማንጠልጠያ ተጠቀም፣ ወይ ወገቡን ልክ አስይዝና ምንም አታድርግ። ቤልቦተም ከሆነ ጭን ላይ ልክ፣ ከጉልበት ጀምሮ የሚሰፋ፣ እግሩ ተጣጥፎ ሲለካ 28 ሴንቲ ገደማ፣ ርዝመቱ ደሞ ጫማውን ከልሎ ተረከዙ ጋ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው፣ ለዚህ ጫማህን አድርገህ መለካት የግድ ነው።

ኮቱ ትከሻ ውስጥ የሚገባውን ስፖንጅ ብዙ እንዳያበዛው ንገረው። ሳያልቅ በሻካራ ስፌት ተያይዞ እያለ አንድ ጊዜ ልለካው በለው፣ እምቢ ካለ ሌላ ልብስ ሰፊ ፈልግ። ስትለካ ዝም ብለህ አትቁም፣ እጅህን አንሳ፣ ቁጭ በል፣ ትከሻህን አንቀጥቅጥ፣ እስክስታ ልትመታበት ነው እኮ። ክንድህን ስታወርድ የሸሚዙ እጅጌ ከኮቱ አንድ ሴንቲ ያህል ወጣ ይበል።

6. ነጩ ነገር

ሙሽሪት ደማቅ ነጭ ቬሎ ከለበሰች ያንተ ሸሚዝ ክሬም አይሁን፣ አጠገቧ ስትቆም ያልታጠበ ይመስላል። እሷ የእናቷን የድሮ ቬሎ ከሆነ የምትለብሰው ደሞ ነጩ ደብዝዟል፣ ያኔ ያንተ ነው ክሬም መሆን ያለበት። ሐበሻ ቀሚስ ከሆነ ከጥለቱ አንድ ቀለም ብቻ ወስደህ ለደረት ኪስ መሀረብህ ተጠቀም፣ ከረቫቱን በሌላ ቀለም ተወው።

7. ጸጉር፣ ጫማ፣ ካልሲ

አፍሮ ወይ ጎፈሬ የፈለገ ሰው ዛሬ መቁረጥ ያቁም። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ገደማ ነው የሚያድገው፣ ስድስት ወር ከሌለህ ዘመኑን ቀይር፣ አርቴፊሻል ጸጉር አታድርግ። ለአርባዎቹና ለሃምሳዎቹ አጠር ብሎ ጎኑ ላይ በምላጭ መስመር የወጣለት ጸጉር ይበቃል።

ጫማ ቆዳ፣ የሚታሰር፣ ሹል ያልሆነ። ነጭ ሶል ያለው ስኒከር ሁሉንም ልፋትህን ያበላሸዋል። ካልሲ ላይ ደሞ አደራ፣ ተክሊል የምታደርግ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ጫማህን ታወልቃለህ፣ ባርኔጣህንም፣ ስለዚ ካልሲህ ሙሉ ሥርዓቱን በካሜራ ፊት ነው የሚቆየው። አዲስ፣ ረጅም፣ ከሱሪው ቀለም ጋር የሚሄድ። እዛ ላይ ነጠላና የቤተ ክርስቲያኑ ካባ ከላይ ስለሚደረብ ከውስጥ ያለው ኮት ትከሻው ጉብ ያለ ከሆነ ካባው አይቀመጥም፣ ስፖንጁን አሳንስ ያልኩህ ለዚህም ነው። የጥንት ልብስ ስታደርግ የመረጥከው ምንም ይሁን የካህናቱን አሠራር አስቀድመህ ጠይቅ፣ እነሱ ያሉት ይሆናል።

የእጅ ሰዓት ዲጂታል አይሁን፣ ስልክ ኪስህ ውስጥ አይሁን፣ ለሚዜ ስጠው፣ የድሮ ኮት ኪሱ ለስልክ አልተሰፋም፣ ጎኑን ጎትቶ ያዘነብለዋል።

8. ሚዜዎችና አባቶች

ሚዜዎች እንደ ሙሽራው ሙሉ ልብስ አይልበሱ። ዘመኑ አንድ ይሁን፣ ጨርቁ አንድ ይሁን፣ ግን አንተ ሰደሪያ ካደረግህ እነሱ አያድርጉ፣ ወይ ባርኔጣውን አንተ ብቻ አድርግ። አቅም የሌለው ሚዜ ካለ ደሞ ሁሉም ያላቸውን ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሰው አንድ ዓይነት ከረቫት ብቻ ግዛላቸው፣ ሃምሳዎቹን በደንብ ያወጣዋል፣ ማንም ሳይጨናነቅ።

አባትህንና አያትህን ግን አታልብሳቸው። ካፖርታቸው፣ ባርኔጣቸው፣ ከዘራቸው፣ ነጭ ጋቢያቸው ራሱ የምትፈልገው ነገር ነው። ካፖርቱን አስወልውልላቸው፣ የጎደለ ቁልፍ ካለ አስተክል፣ ሌላ አትንካ። እንደውም "አባባ ያንን ኮትዎን ለሰርጌ ልልበሰው?" ብለህ ብትጠይቅ የሚሆንልህ ከሆነ፣ ከየትም ተሰፍቶ ከሚመጣ ልብስ ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ።

9. ከቀኑ በፊትና በኋላ

ሙሉውን ለብሰህ ከሰርጉ ሳምንት በፊት ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ቆይበት፣ ጫማው ይላመድሃል፣ የሚቆጠቁጠው ቦታ ይታወቃል። ሱፉን በቀጥታ ካውያ አትንካው፣ እርጥብ ንጹህ ጨርቅ ጣል አርገህ ከላይ ተኩስ፣ አለበለዚያ ያብረቀርቃል አይለቅም። ባለ ሁለት ቁልፍ ኮት የታችኛውን አትቆልፍ፣ የሰደሪያም የመጨረሻዋን ቁልፍ ክፍት ተዋት። ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ኮት ግን ቆመህ እያለህ ሁሌም የተቆለፈ ነው።

ፎቶው ደብረ ማርቆስ ከሆነ የንጉሥ ተክለሃይማኖት ቤተ መንግሥት አካባቢ፣ ባሕር ዳር ከሆነ ቤዛዊት (የኃይለሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ) ወይ የዘንባባው መንገድ፣ ዘመኑን ከቦታው ጋር አዛምድ፣ ቤልቦተም ለብሶ ንጉሡ ግቢ መቆም አይሄድም።

የተዋስከውን ኮት ስትመልስ በፌስታል ጠቅልለህ አትመልስ። አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ነፋስ ይምታው፣ በብሩሽ ይጠረግ፣ ከዛ በሰፊ መስቀያ። ጥልፍ ያለውን ካባ ውሃ አታስነካው፣ የቆሸሸ ቦታ ካለ ለአከራዩ ንገረውና እሱ ያጽዳው። የራስህ ሱፍ ከሆነ ደሞ ሳታጸዳ ሳጥን ውስጥ አታስገባ፣ ብል የሚመጣው ላብና ምግብ የነካው ቦታ ላይ ነው፣ ላውንደሪ ሄዶ ሲመለስ በጥጥ ጨርቅ ሸፍነህ ናፍታሊን ጎኑ አስቀምጥ፣ ናፍታሊኑ ጨርቁን እንዳይነካ።